ስድስት ሰዓት በሃሊፋክስ

ወደቡ ላይ ክሬን ተሰብሮ ኮንቴይነሬ ታግቶ፣
"እስከ ዘጠኝ ጠብቅ" አለኝ አንዱ ወረቀቴን አይቶ።
ከዊኒፔግ አምስት ቀን ሙሉ እየነዳሁ መጥቼ፣
አስፋልት እንጂ አገር አላየሁ፤ ቁልፌን ኪሴ ከትቼ
ዛሬስ ልጎብኝ አልኩ እንደ ሰው፣ አስራ ሁለተኛ ሆኜ ገብቼ።

አስጎብኚዋ ኢሽቤል ትባላለች፤ ሰባ አምስት ሳይሞላት አይቀርም፤
ዣንጥላዋን እንደ መቋሚያ ይዛ ትወጣለች፣ ዳገት አያደክማትም።
"አዲሲቱ ስኮትላንድ" አለች፣ "ብለው ሰየሙ አገሩን፤
ስሙን ከባሕር ማዶ ተበድረን እስከዛሬ አልመለስን ብድሩን።"

መጀመሪያ ወደ መቃብር።
ድንጋዩ ጎብጧል፣ ሽበት አውጥቷል፤
ስሙን በጣቴ ዳሰስኩት፦ "ማክ" ይልና ቀሪውን ሽበቱ በልቶታል።
"ማክ ማለት የእገሌ ልጅ ማለት ነው" አለች።
ወልደ! አልኩ በሆዴ። አባትየውስ?
ወልደ ማን?
ሁለት መቶ ዓመት ተኝቶ "ልጅ ነኝ" ይላል ድንጋዩ፤
የማን እንደሆነ ግን ከዝናብ ጋር ነው ጉዳዩ።

ጌቶቹ በግ ወደዱና፣ አለች፣ ገበሬው ከጓሮው ተነቀለ፤
ሰው በሱፍ ተለወጠ፤ በመርከብ ታጎረ፤ የሞተውም ባሕር ላይ ተጣለ።
ይህን ስትናገር ዣንጥላዋን ከፈተችው፤
ዝናብ አልነበረም።
"ስኮትላንድን አይተሻታል?" አላት አንዱ።
"ኤድንብራን ልጎበኝ ሁለት ጊዜ ትኬት ገዝቼ ሁለት ጊዜ መለስኩት፤
ባላየው ይሻላል፣ ይኸው በአፌ እየሠራሁ ኖርኩበት።"
ሳቀች። ሳቋ ከመንገዱ ቀድሞ አለቀ።

ኮረብታው ግርጌ አንድ ወፍራም ሰው ስልቻ ታቅፎ ቆሟል፤
ጉንጩን ነፍቶ፣ በክንዱ እየጨመቀ ያስለቅሰዋል።
ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ እያልን ስናሾፍ ኖረን፣
እህል ሲጎድልበት ዝም የሚል መስሎን፤
ለካ ባዶውን ነፋስ ሲገባበት
የሰባት ቤት ለቅሶ አለበት።

ከዚያ ወደ ጨርቅ ሱቅ።
በየመደርደሪያው ባለመስመር ሱፍ፤ ለእያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ቀለም፤
ሻጯ ልጅ ፈገግ ብላ "ጎሳህ ማን ነው?" አለችኝ፣ ክፋት የለባትም።
ስንቱ ኬላ ላይ ያላበኝ ጥያቄ፣ እዚህ በሰላሳ ዶላር ሻርፕ ይሸጥበታል!
"ሹፌር" አልኳት። ካታሎጉን ገለጠች፣ ፈለገች፤ "ይቅርታ፣ አልቋል።"

ምሽጉ በር ላይ ዘበኛ፦
የሰጎን ላባ ቆብ፣ ቀይ ኮት፣ ባለመስመር ሽርጥ፣
ዓይኑ አይርገበገብ፣ ጉልበቱ አይንቀጠቀጥ።
እኔ ድሬ ተወልጄ ሽርጥ ብርቄ አይደለም፤
ከምሳ በኋላ በሰፈራችን ሱሪ የሚለብስ ወንድ የለም።
ብርቅ የሆነብኝ ግንባሩ ነው፦ ጠይም፣ ሰፊ፣ የማውቀው ዓይነት።
ፈረንጆቹ ተራ በተራ አጠገቡ ቆመው ፎቶ ተነሱበት፤
የእኔ ተራ ሲደርስ ጠጋ ብዬ፣ በጆሮው ሥር፣
"ወንድሜ፣ ሽርጥህ ዞሯል" አልኩት፣ እንደ ምሥጢር።

ፊቱ አልተነቃነቀም።
ዓይኑ ግን ለቅጽበት ወደ ታች ወረደ።

ልስቅ ስል መድፉ አገሳ።
እርግቡ ተነሳ፤ የቴክሳሱ ሽማግሌ ዘጭ አለ መሬት ላይ፤
ኢሽቤል ብቻ ሰዓቷን አስተካከለች፣ ቀና ብላም ሳታይ።
"አስራ ሁለት" አለች።
"ስድስት" አልኩ እኔ፣ ሳላስበው፣ በልማድ።
ቁልቁል ወደ አሮጌው የሰዓት ማማ ተመለከትን፤
የሁለቱም እጆች ራስ አስራ ሁለት ላይ፣ ጭራቸው ስድስት ላይ፤
ማናችንም አልዋሸንም።

ስልኬ ጠራ፤ ክሬኑ ተጠግኗል፣ ቶሎ ና።
ዘበኛውም ተቀየረ። ጫማው ድንጋዩን እየመታ
በአጠገቤ ሲያልፍ፣ ፊቱ ሐውልት እንደሆነ፣
ከንፈሩን ሳይከፍት፣
"አልዞረም፣ ጋሼ" አለኝ።